የሚሰበረው ዱላና የማይሰበረው

ይችን ስሙኝ፤ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። ትናንት ሸዋ ሮቢት ገበያ፣ ጨው ሻጮቹ የሚደረደሩበት ጥግ ላይ፣ አንድ ሰው ከዘራ ተመርኩዞ ሲሄድ አየሁ። ከዘራው እንጨት አይደለም፣ ብረት ነው። ዘንጉ ቀጭን፣ ጫፉ እንደ ሰፊ ምላስ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆለመመ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን የሚወጋ ብረት። ሰውየው ሞገስ ነው፤ በጣልያን ጊዜ ቱርጁማን የነበረው፣ የጣልያኑን አፍ ለእኛ፣ የእኛን አፍ ለጣልያኑ እያደረሰ ሆዱን የሞላው። ብረቱ ደግሞ ጋሼ ደጀኔን፣ ታላቅ ወንድሜን፣ የገደለው ብረት ነው። አጠበው፣ ወለወለው፣ ተመረኮዘው። "እንደምን ዋልክ ሽፈራው፣ እናትህ ደህና ናት?" አለኝ። "ደህና ናት" አልኩት። በእጄ ማጭድ ይዤ ነበርና ሰዎች መጥተው መሀላችን ቆሙ። እኔ ማጭዱን ገና አላነሳሁም፣ እነሱ ግን ፊቴን አንብበው ቆሙ።

ነገሩን ለሽማግሌ አቅርቤው ነበር። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋሼ ደጀኔ ተገድሏል ወይስ በጨዋታ ሞቷል? ተገድሏል ካሉ ደመኛ አለኝ፤ ሰው ፊት ቀና ብዬ እሄዳለሁ፣ እናቴም ልጄን ገደሉብኝ ብላ በወጉ ታለቅሳለች። በጨዋታ ሞቷል ካሉ ግን ደም የለኝም፤ እንደ ተሰበረ ገንቦ ስባሪውን ለቅሜ ዝም ነው። ሽማግሌዎቹ ያሉትን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የዱላውን ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

እኔ ሠላሳ ያልሞላኝ ሰው ነኝ። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ላይ ስደርስ ከየኔታ ተጣልቼ የወጣሁ፣ ምላሴ ከትምህርቴ የሚበልጥ። ግን "ያን ጊዜ" እያልኩ እንደ ሽማግሌ ማውራት ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ጣልያን ያለ ዕድሜው ያስረጀው ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ማለት እነሱ ሳይመጡ ነው። ያን ጊዜ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ተሂዶ በጥቂት አሞሌ ጨው ለጥብቆ የሚበቃ አቡጀዲ ይገዛል። አቡጀዲው አዲስ ሲሆን እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ሰርግ ላይ ለብሶት የሚመጣ ጎረምሳ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አሁን የሚሸጠው ካኪ ነው፣ የሞተ ወታደር ልብስ፤ ደረቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ እያለው "ለነፋስ ነው" እያሉ ይሸጡልሃል። ያን ጊዜ የገና ዱላ ለመቁረጥ እኛ የቀወት ልጆች ጣርማ በር እንወጣለን፣ ወይራው እዚያ ነው። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደገኞቹ "ቆለኛ መጣ፣ እሳት አንድዱለት" እያሉ ይስቁብናል። ጋሼ ደጀኔ ዛፍ ሥር ቆሞ ቅርንጫፍ ሲመርጥ ሚስት የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ራሱ የጎበጠውን እንጂ ሰው ያጎበጠውን አይወድም። ቆርጦ፣ ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ ከምድጃ በላይ ይሰቅለዋል፤ በዓሉ ሲደርስ ዱላው ቀይ ዳማ ሆኖ ይወርዳል።

ገና ስል በዓሉን ብቻ አይደለም፣ ጨዋታውን ጭምር ነው። ሁለት ወገን፣ ሩር የምትባል አንዲት የእንጨት ኳስ፣ እሷን በዱላ እየለጉ ከባላጋራ ድንበር ማሳለፍ፤ በቃ። ሕጉን የአገራችን ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው፦ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም። ባላባቱን ቅልጥሙን ብትለው፣ ሚስቱ ፊት ብትሰድበው፣ ሲመሽ አብሮህ ጠላ ይጠጣል። የተመታ አይበቀልም፣ የተሰደበ አይከስም። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብለን የምንኖረው ለዚያች አንድ ቀን ነበር ብላችሁ አልዋሻችሁም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ላይ ጣርማ በር ተራራውን ለመኪና ይበሳሉ፣ ታች እኛ ሮቢት ላይ ለመንገዱ ድንጋይ እንፈልጣለን። ድማሚት ሰው ሲበላ፣ ሬሳውን ከድንጋዩ ጋር ጠርገው ወደ ገደል ነው። የገበያው ዳር ግራር ላይ ሰው ተሰቅሎ ስለሚውል ጨው ሻጮቹ ጥላውን ሽሽት ቦታ ቀየሩ፤ ዛሬ የሚቀመጡበት ጥግ ያኔ የሸሹበት ነው። እኔና ጋሼ፣ ከጎረቤታችን ከሰይድ ጋር፣ ጎን ለጎን ነበር የምንፈልጠው። ሰይድ የአርጎባ ልጅ ነው፣ ማሳቸው ከማሳችን ድንበርተኛ፤ ቀልዱ እንደ በርበሬ ነው፣ ሲያስቅህም ያስለቅስሃል።

የመንገዱ አለቃ አንድ ካፒቴን ነበር። ሮቢ ወንዝ ዳር ያለችውን ማሳችንን አይቶ "ለጥ ያለች ናት" አለ። ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። በራሳችን እጅ አሳጨደን፣ ኩርባጅ የያዘ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ ከኋላ አቁሞ። ለምን መሰላችሁ? ለጨዋታ። ጎልፍ ይሉታል። ፈንጣጣ የወጣባት እንቁላል የምትመስል ነጭ ኳስ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ቆሞ ያያታል። ይወዛወዛል። ከዚያ በብረት ዱላ ይለጋትና ራሱ ተከትሏት ይሄዳል፤ ደርሶ ደግሞ ያያታል። ባላጋራ የለው፣ የሚሰድበው የለው።

"ይኸ ሰው ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?" አለ ጋሼ፣ መዶሻውን አስቀምጦ።

"ከራሱ ጋር ነው" አልኩት።

"ታዲያ ሲሸነፍ ማንን ይመታል?"

"እኛን ነዋ" አለ ሰይድ።

ሁለት ከረጢት ሙሉ ዱላ ነበረው፣ አሮጌና አዲስ። እንድንወለውል ሲሰጠን ጋሼ እንደ ሕፃን እያገላበጠ ነበር የሚያያቸው። እውነቱን ልናገር፣ ጠላትም ቢሆን ዱላው ዱላ ነው። የአሮጌዎቹ ዘንግ እንጨት፣ ራሳቸው ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ሰው ተቀምጦ ቀጥቅጦ እንደሠራቸው ያስታውቃሉ። መያዣቸው የተጠቀለለ ቆዳ ነው፣ የላብ ሽታ ያለው። ደግሞ ስም ነበራቸው። ሞገስ እያነበበ ሲነግረን እያንዳንዱ ዱላ እንደ በሬ የራሱ ስም ነበረው። አዲሶቹ ዘንጋቸውም ብረት ነው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቧንቧ፤ ያሳፍራቸዋል መሰለኝ በእንጨት ቀለም ቀብተዋቸዋል። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ፊታቸው በመስመር የተፋቀ፣ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። እንደ እስረኛ። "ፋብሪካው አሮጌውን መሥራት ትቷል ይላሉ ካፒቴኑ። ከእንግዲህ ሁሉም እንዲህ ነው" አለ ሞገስ፣ ፋብሪካው የአባቱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

ካፒቴኑ በማይኖርበት ጊዜ ጋሼ ሁለቱንም ሞከራቸው። አንዲት ጠጠር በአሮጌው፣ አንዲት በአዲሱ ለጋ። "አሮጌው ጨዋ ነው" አለኝ። "ስትሳሳት እጅህን ይነዝርሃል፣ ጥፋትህን ይነግርሃል። በደንብ ስትመታው ደግሞ ቅቤ የቆረጥክ ይመስልሃል። አዲሱ ብትሳሳትም ባትሳሳትም ጠጠሯን ያደርሳታል። ሩቅ ይልካል፣ ውሸት የለውም። ግን ዝም ነው። ምን እንደመታህ አይነግርህም።" ዝም የሚል ዱላ እንደማይወድ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልዩነቱ አልገባኝም። ልዩነቱን ያስተማረኝ የሰይድ ጀርባ ነው።

አንድ ቀን ኳስ ጠፋች። ካፒቴኑ ሰይድን "ሰረቅክ" አለው። ሰይድ "ጌታዬ፣ ዶሮዬ እንዲህ ያለ እንቁላል ብትጥል አርዳት ነበር እንጂ አልሸሽግላትም" አለ፤ ሞገስም እንዳለ ተረጎመው፣ ለዚህ ለዚህ ጊዜ አንድ ቃል አይጥልም። ካፒቴኑ በእጁ የነበረውን አሮጌ ዱላ አነሳ። ጀርባውን አለው፣ ደገመው፣ ሰይድ በጉልበቱ ወደቀ፣ ትከሻው ተተርትሮ ደሙ ሽርጡን አራሰው። ሌላ ሲጨምር ዘንጉ ቀጭ ብሎ ከመሀሉ ተሰበረ። ካፒቴኑ ቆመ። ስባሪውን ይዞ እንደሞተ ልጅ አየው። ከዚያ ሰይድን ረስቶት፣ ዱላውን አቅፎ ድንኳኑ ገባ። ሰይድን በሸክም ወሰድነው። በአፉ ደም እየተፋ "እንጨቱን አላህ ይማረው" አለን፣ "ከሰው ይሻላል፣ ሲበዛበት ይሰበራል።"

ገባችሁ? አሮጌው ልክ አለው። ሰው ቢጨክን እንኳ እንጨቱ ይደክመዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ካፒቴኑ አሮጌዎቹን ለዱላ አልተጠቀመም፣ ስለሚሳሳላቸው። እኛን ለመምታት አዲሱን ይዞ መምጣት ጀመረ። የአንዱን ጎን፣ የአንዱን ክርን፣ የአንዱን መንጋጋ ሰበረበት፤ ብረቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጎበጠም። ዘንጉ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ዝግጁ ነው። ፈረንጅ ይኸን መሻሻል ይለዋል አሉ።

የገና ሰሞን ካፒቴኑ የእኛን ጨዋታ ማየት ፈለገ፤ ማየት ብቻም አይደለም፣ "እኔም እገባለሁ፣ ከአለቃቸው ጋር አጋጥሙኝ" አለ። የእኛ የገና አለቃ ጋሼ ደጀኔ ነው። ጋሼ ሞገስን ለብቻው ጠራው።

"ጌታው፣ ሕጉን ይንገሩልን" አለው፣ አንቱ እያለ። "የገና ዕለት ጌታ አይቆጣም ይበሏቸው። ይሰደባሉ፣ ይመታሉ፣ አቧራ ይቅማሉ። ይኸን ካልወደዱ ጨዋታው ይቅር።"

ሞገስ ሄዶ ረጅም ነገር ተናገረ። ካፒቴኑ ሳቀ። "ነግሬያቸዋለሁ። በጣም ደስ ብሏቸዋል" ብሎን ተመለሰ። እኛም አመንን። ሕጉን የሰማ ሰው አያፈርሰውም ብለን ነው፤ እዚህ አገር ሽፍታ እንኳ ገና ሲጫወት ሕጉን ያከብራል። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ በቀር ማን ይሳሳታል?

ከቅዳሴ ወጥተን ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ሜዳ የምላችሁ የራሳችን ማሳ ነው፤ የምንረግጠው የማሽላችንን ጉቶ ነው። ካፒቴኑ ነጭ ጫማ፣ እስከ ጉልበት የደረሰ ካልሲና ቁምጣ አድርጎ አዲሱን ብረት ይዞ መጣ። ለጋሼ ከአሮጌዎቹ አንዱን ወረወረለት። ጋሼ ወይራውን ለእኔ ሰጠኝና አሮጌውን ብረት ተቀበለ። ጨዋታው ተጀመረ። ካፒቴኑ የለመደው ቆማ የምትጠብቅ ኳስ ነው። ሩር ደግሞ አትቆምም። ብረቱን ወደ ላይ ሰቅሎ እስኪያወርድ እሷ ሌላ ሰው እግር ሥር ናት።

"ካፒቴን፣ ፈረንጅኛ አትሰማም፣ በአማርኛ ጥራት" አለ አንዱ።

"ነጭ ጫማው እንዳይቆሽሽ እዘሉት" አለች አንዲት ባልቴት ከዳር።

"ሞገስ፣ ሩሯ ወዴት እንደሄደች ተርጉምላቸው እንጂ።"

አስካሪዎቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ጋሼ መጣና ሩሯን ከካፒቴኑ እግር መሀል መንትፎ ወጣ። ካፒቴኑ ዞሮ ሊመታ ሲል የራሱ ክብደት ጣለው፤ በፊቱ የማሽላ ጉቶ ላይ ወደቀ። ጋሼ ሩሯን ከድንበር አሳልፎ ለጋት። ሕዝቡ አገሩን በሆታ አደባለቀው። እንደዚያ ስቀን አናውቅም፣ ጣልያን ከመጣ ወዲህ።

ከዚያ ጋሼ ተመልሶ መጣ። አሮጌውን ብረት መሬት ላይ አስቀመጠው። ጨዋታ አልቋል፣ ዱላውን ያስቀመጠ ሰው ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት እጁን ዘረጋና "ይነሱ ጌታዬ፣ ገና ነው" አለው። ካፒቴኑ እጁን ያዘ። ጋሼ ጎትቶ አስነሳው። ልብሱን አራገፈለት፣ እንደ ወንድም። ካፒቴኑ ግንባሩ ላይ ያለውን ደም በጣቱ ነክቶ አየው። ከዚያ አዲሱን ብረት በሁለት እጁ ይዞ የጋሼን ጉልበት አለው።

ጋሼ ወደቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ሥቃይ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነው። "ገና ነው እኮ" አለ፣ ነገሩን ያልሰማ ሰው እንደሚያስረዱ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ሦስተኛው አናቱ ላይ። የአዲሱ ብረት ድምፅ አጭር ነው፣ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት። እኔ የምጠብቀው ቀጭ የሚለውን ነበር። በሰይድ ጀርባ ላይ የሰማሁትን። አሁን ይሰበራል፣ አሁን ይቆማል እላለሁ። ዘንጉ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ይለጠጣል፣ ይመለሳል። አልተሰበረም።

ሕዝቡ ንቅንቅ አለ። ሁሉም እጅ ላይ ዱላ አለ፣ አስካሪዎቹ ደግሞ ጥቂት ነበሩ፤ የእኛ ወገን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ያኔ ነው ሞገስ መሀል የገባው፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ። "ገና ነው፣ ማንም እንዳይነቃነቅ" አለ። "በገና አይቆጡም የምትሉት እናንተ አይደላችሁም? ካፒቴኑ እየተጫወቱ ነው። የተመታ አይበቀልም፣ ሕጋችሁ ነው።" ሕዝቡ ቆመ። ጠመንጃ ፈርቶ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ ሕጉን ሰምቶ ነው የቆመ። የአባቶቹ ቃል ከሞገስ አፍ ሲወጣ ሰምቶ። እኔ ሮጥኩ፤ ሰይድ በዚያ በተተረተረ ትከሻው ወገቤን አንቆ ያዘኝ። "ጠመንጃው ወዳንተ ዞሯል" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ሁለታችሁንም እናታችሁ በአንድ ቀን አትቅበር።" ነከስኩት፣ አልለቀቀኝም።

ጋሼ ለጥምቀት አልደረሰም። ጭንቅላቱ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ፈሶ፣ እናቴን "ማን ነሽ" እያላት ሞተ።

ጣልያን ሲሸነፍ ካፒቴኑን እንግሊዞች በካሚዮን ጭነው፣ በራሱ መንገድ፣ በጣርማ በር አሳልፈው ወሰዱት። ብስኩት እየበላ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ሞገስ ቀረ፣ ብረቱም በእጁ ቀረ። ዛሬ ድልድዩ አጠገብ ቆርቆሮ ቤት አለው፣ ቢሮም ያስገቡታል፣ ወረቀት ያነባልና። ለዚህ ነው ሽማግሌ ያስቀመጥኩት። ሾላው ሥር ተሰበሰብን፣ ሞገስም መጣ፣ ያን ብረት ተመርኩዞ።

"እኔ እጄን አላነሳሁም" አለ። "ደግሞም ጨዋታ ነበር። አገር ሁሉ አይቷል።"

ምስክር ጠሩልኝ፤ የእኛ ሰዎች "አላየሁም"፣ "ሩቅ ነበርኩ" እያሉ አመለጡ። ቀና ብሎ የቆመው ሰይድ ብቻ ነው።

"ወላሂ፣ ደጀኔ ዱላውን አስቀምጦ ነበር" አለ። "ባዶ እጁን ሆኖ ነው የተመታው። ይኸም ሰው ሕዝቡን ያስቆመው ባዶ እጁን መሆኑን እያየ ነው።"

ሰብሳቢው ሽማግሌ ጭራቸውን እያወናጨፉ "ሰይድ፣ አንተ እስላም ነህ" አሉት። "ገና አትጫወት። የገናን ሕግ በምን ታውቀዋለህ?"

"እውነት ነው አባቴ፣ ጨዋታውን አላውቀውም" አለ ሰይድ። "ባዶ እጅ ግን አውቃለሁ።"

ሳቁበት። ከዚያ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ፈረዱ፦ በገና የወደቀ ደም አይጠየቅም፣ ታረቁ። ሞገስ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ሄደ። እናቴ ከዳር ተቀምጣ ነበር። ማልቀስ እንዳለባት፣ እንደሌለባት ስላልገባት እኔን አየችኝ።

እሺ ሽማግሌዎች፣ ፍርዳችሁን ሰምቻለሁ፣ አንተም ሞገስ ስማኝ። ዱላውን ያስቀመጠ፣ የወደቀ ሰው ሊያነሳ እጁን የዘረጋ ሰው አናቱን መባሉ ጨዋታ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ። በመጪው ገና እኔ ወይራዬን ይዤ፣ ሞገስ ባዶ እጁን ሆኖ፣ እዚያው ማሳችን ላይ ብንገናኝና በገዛ ልጆቹ ፊት ብጫወትበት፣ እናንተው ናችሁ ልጆቹን ይዛችሁ "ዝም በሉ፣ ገና ነው" የምትሏቸው?